ለናሙና የላክኋት ሴንሰር

መርሳ ላይ ጋራዥ ከከፈትኩ ጀምሮ አንድ ሕግ ነበረኝ፤ አሮጌውን እቃ ለናሙና ሳልልክ አዲስ አላዝም። ሕጉን ያወጣሁት በንዴት ነው። ለአንድ ሚኒባስ የኦክስጅን ሴንሰር በስልክ አዝዤ፣ "አራት ሽቦ ያላት!" እያልኩ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኬ፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው ባለ ሦስት ሽቦ ሆና ቁጭ አለች። መልሼ ላክኋት፤ የመጣችው ሌላዋ ደግሞ ሶኬቷ አልገጥም አለ። ባለ ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ ሲስቅብኝ ደሜ ፈላ። ከዚያ ወዲያ እቃው ራሱ ሄዶ ይናገር አልኩ። አሮጌውን እፈታና በጋዜጣ ጠቅልዬ ከወልድያ ለሚነሳው የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሹፌር መንገድ ላይ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ሱቅ ገብቶ ያስተያይና በሦስተኛው ቀን አሮጌውንና አዲሱን አንድ ላይ ይዞልኝ ይመለሳል። በእኛ አገር ብዙ መካኒክ እንዲህ ያደርጋል። እኔ ግን ሃይማኖት አደረግሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ከጋራዤ ፊት ለፊት የእህል መጋዘን ያላቸው አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አሉ። ሐጂ እላቸዋለሁ። ነጭ የቤት መኪናቸውን የገዟት ለንግድ አልነበረም፤ ባለቤታቸውን በየወሩ ደሴ ሐኪም ዘንድ ለማመላለስ ነበር። ባለቤታቸው፣ እኔ እማማ የምላቸው፣ ስኳር ነበረባቸውና በየቀኑ መርፌ ይወጋሉ። የሐጂ ዓይን በሞራ መያዝ ስለጀመረ መኪናዋን ብዙ ጊዜ የምነዳላቸው እኔ ነበርኩ። እማማ ከፊት፣ ከጎኔ ይቀመጣሉ። ሐጂ ከኋላ ሆነው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

ቢጫዋን መብራት መጀመሪያ ያዩዋት እማማ ናቸው። ከሲሪንቃ ለዘመድ ልቅሶ ደርሰን ስንመለስ ዳሽቦርዱን በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ "አንተ ባለሙያ፣ ይቺ ምንድን ናት ያፈጠጠችብኝ?" አሉኝ።

"መኪናዋ አሟታል እማማ። ቀላል ነው።"

"እሷስ ታድላ፤ ሲያማት መብራት ታበራለች። እኔን ማን ያይልኛል?"

ሳቅን። ሐጂም ከኋላ ሳቁ።

መኪናዋን አስገብቼ ሳያት የታመመችው ፊተኛዋ ሴንሰር ነበረች። የኦክስጅን ሴንሰር ካንዴላ የምታህል እቃ ናት። ጭስ ቱቦው ላይ ተሰክታ፣ ሞተሩ ከሚተፋው ጭስ ውስጥ ሳይቃጠል የቀረውን አየር እየለካች ለኮምፒውተሩ ትነግራለች፤ ኮምፒውተሩም እሷን እየሰማ ቤንዚኑን ይመጥናል። በዚያች መኪና ላይ ሁለት ናቸው። ፊተኛዋ ቱቦው ከሞተሩ እንደወጣ፣ ከጭስ ማጣሪያው በፊት ትገኛለች፤ ቤንዚኑን የምታስመጥነው እሷ ናት። ኋለኛዋ ከማጣሪያው በኋላ ከወለሉ ሥር ተሰክታ፣ ማጣሪያው መሥራት አለመሥራቱን ብቻ ትታዘባለች። እሷ ኖረች አልኖረች መኪናው ይሄዳል። ያን ቀን ከሥር ገብቼ ስፈትሽ ኋለኛዋ ጭቃ ለብሳ አገኘኋትና በጨርቅ ጠርጌ አለፍኳት። ጤነኛ ነበረች።

ሌላ መካኒክ ቢሆን የመብራቷን አምፖል ነቅሎ፣ ወይም ጥቁር ናስትሮ ለጥፎባት፣ "ድናለች፣ ውሰዷት" ይል ነበር። እንደነዚህ ያሉትን መካኒኮች አምርሬ እጠላለሁ። ፊተኛዋ ሴንሰር ደከመች እንጂ አልሞተችም፤ እንደዚያው ሆና ወራት መሥራት ትችል ነበር። እኔ ግን በትክክል እሠራለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ጊዜው ክረምት ነው። ጦርነቱ ከቆቦ ወዲያ ነው ይባል ነበር። ከሰሜን የሚመጡ ሰዎች ፍራሽ ተሸክመው በጋራዤ በር ሲያልፉ እያየሁ ነው መፍቻ ያነሣሁት። ሐጂ ከመጋዘናቸው ተሻግረው መጡና እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ቆሙ።

"ልጄ፣ እንዲያው ሳትፈታት ብትቆይስ? ጊዜው አያምርም።"

"ሐጂ፣ አንቱ እህል ያውቃሉ። ጭስ ቱቦውን ለኔ ይተዉልኝ። ሦስት ቀን ናት።"

"ኢንሻአላህ" ብለው ተመለሱ። ቅር እንዳላቸው ከአካሄዳቸው አውቄያለሁ።

ሞተሩን አስነሥቼ ቱቦው እስኪሞቅ ጠበቅሁ፤ ብረት ሲሞቅ ይላላልና። የሞቀው ቱቦ ክንዴን ለበለበኝ፤ ምልክቱ አሁንም አለ። ሴንሰሯ ዝጋ ስለነበር ዘይት እያጠጣሁ፣ ትንሽ ወደ ግራ ትንሽ ወደ ቀኝ እያልኩ፣ ጥርሷ ሳይበላ አወጣኋት። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ትዕግሥት አለኝ፤ ለሰው ነው የሌለኝ። ቀዳዳውን ከአሮጌ የጭነት መኪና በወሰድኩት የዘይት ማውረጃ ቡሎን ዘጋሁት። ልክክ አለ። ሴንሰሯን በጋዜጣ ጠቅልዬ ለሹፌሩ ሰጠሁት፤ እሱም እንደ ልማዱ ከመሪው ፊት ካለው ኪስ ወሽቋት ሄደ።

በሦስተኛው ቀን አልመጣም። ደወልኩለት።

"ከደሴ ወዲህ አትለፉ ተብለናል" አለኝ። "እቃህ እጄ ላይ ነው፤ አዲሷም አሮጌዋም። አይዞህ።"

ይህን ከተናገረ በኋላ ስልኩ ጠፋ።

ያለ ፊተኛዋ ሴንሰር ኮምፒውተሩ ታውሯል ማለት ነው። የታወረ ኮምፒውተር ደግሞ ሞተሩ እንዳይጠፋበት ቤንዚን ያለ ልክ ያፈሳል። ይህን አውቃለሁ። መኪናዋ ቆማ እስከዋለች ድረስ ግን ችግሩ ችግር አልነበረም።

ወልድያ የከባድ መሣሪያ ድምፅ የተሰማ ዕለት መርሳ ተነቃነቀች። በማግስቱ ጠዋት ሐጂ፣ "እሷን ይዘን እንውጣ፤ መድኃኒቷን የምናገኘው ደሴ ነው" አሉኝ። እኔ ሚስትም ልጅም አልነበረኝም። እናቴን ቀደም ብዬ ወደ ደሴ ልኬያለሁ። በከተማው ቤንዚን የሚባል ነገር አልቆ ነበር፤ ሐጂ ግን ለክፉ ቀን ያስቀመጧት አንዲት ቢጫ ጀሪካን ነበረች፣ ሙሉ። ጀሪካኗን ላነሣ ስሄድ ቀለለችኝ። ግማሽ ናት።

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። "ለሰፈራችን ባለ ባጃጅ ሰጠሁት፤ ማታ መጥቶ። ሚስቱ አራስ ናት።"

እዚህ ላይ ነው ያ ክፉ አፌ የተከፈተው። እማማ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው እየሰሙ፣ "ሐጂ ምን ነካዎት! በእርስዎ ቸርነት እኛ መንገድ ላይ ልንቀር ነው!" ብዬ ጮኽኩባቸው። አባት የሚሆኑኝን ሰው። የጮኽኩት ተናድጄ ብቻ አይደለም። ቱቦው ላይ ያለውን ቡሎን አስታውሼ ነው፤ ጥፋቱን ሰው ሳያይብኝ ቀድሜ ሌላ ሰው ላይ ማስቀመጤ ነበር። እማማ ናቸው በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ "ተው አንተ፣ አራስ ናት እኮ" ያሉኝ።

ግማሿን ጀሪካን ገልብጠን ወጣን። መንገዱ በሰው፣ በከብት፣ በጋሪ ተሞልቷል። መኪናዋ ከኋላዋ ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን እየሸተተች ትሄዳለች። እግረኞቹ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው ይረግሙናል። እኔ ዓይኔ ከነዳጁ መርፌ ላይ አልተነሣም። መርፌዋ ስትወርድ ይታየኛል። እንደዚያ በዓይን እየታየች ስትወርድ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላጋጠመኝም። ውርጌሳ ስንደርስ ቀዩን ነካች። ከውርጌሳ በኋላ ወደ ውጫሌ ዳገት ነው። ዳገቱን ጀመርነው፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨና ጸጥ አለ። ቢጫዋ መብራት ግን እንደበራች ናት።

ወርጄ መንገድ መሐል ቆምኩ። አይሱዙ መጣ፤ ሰው በሰው ላይ ተጭኖበታል፤ አለፈ። ሚኒባስ መጣ፤ በሩ አልዘጋ ብሎት ሰው ተንጠልጥሎበታል፤ አለፈ። "የታመመች ሴት ይዤ ነው!" እያልኩ ከትራክተር ጋር ሳይቀር ሮጥኩ። አንድ የማውቀው ሹፌር፣ መኪናውን ስንት ጊዜ የሠራሁለት፣ አየኝና ፊቱን መለሰ። አልፈርድበትም፤ ጣሪያው ላይ እንኳ ቦታ አልነበረውም። ያን ዕለት ያልለመንኩት ሰው የለም፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ለመንኩ።

የሐጂ የወንድም ልጅ ገበሬ ነው፤ ከውርጌሳ በታች ቆላው ላይ ይኖራል። ሰምቶ ጎረቤቶቹን ይዞ መጣ። ቃሬዛ አበጁ። "ዛሬ እኛ ጋ ትደር፣ ነገ መኪና እንፈልጋለን" አለ። መኪናዋን ገፍተን ከመንገዱ ዳር አስጠጋናት። እማማን ተሸክመን ቁልቁል ወረድን። አንዱን የቃሬዛ ጫፍ እኔ ያዝኩ። "ባለሙያ፣ ቀስ በል፤ እኔ መለዋወጫ የለኝም" አሉኝ። ለመሳቅ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ያ ነገ አልመጣም። በማግስቱ መንገዱ በጦር ተዘጋ፤ እኛ ከወዲህ፣ ደሴ ከወዲያ ቀረን።

እማማ የያዙት መድኃኒት ለጥቂት ሳምንታት የሚሆን ነበር። በረዶ የለም፣ መብራት የለም፤ ቆላው ያቃጥላል። ብልቃጦቹን ውሃ በያዘ እንስራ አጠገብ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀበርናቸው። የሐጂ የወንድም ልጅ ወደ መርሳ ሰው ልኮ ነበር፤ ሰውየው ሁለት ቀን በእግሩ ሄዶ ተመልሶ፣ ጤና ጣቢያውም መድኃኒት ቤቱም ባዶ መሆኑን ነገረን። እማማ በየቀኑ የሚወጉትን እያሳነሱ መጡ። "ቆጥቤ ነው" ይላሉ። ሐጂ ቁመው ያያሉ፤ እኔም ቁሜ አያለሁ። ሁለት ወንዶች፣ አንዱ የእህል አዋቂ፣ አንዱ የብረት አዋቂ፣ አንዲት ብልቃጥ መሙላት አቃተን።

ከሐጂ ጋር የምንነጋገረው ጥቂት ነበር። አንድ ቀን ግን ውጭ ተቀምጠን ሳለን፣ "ያን ቤንዚን ባልሰጠሁት ኖሮ ደሴ ነበርን፤ አይደል?" አሉኝ። "አይበሉ ሐጂ" አልኩ። "የርስዎ አይደለም፣ የኔ ነው" ማለት ምላሴ ላይ መጥቶ ተመለሰ። የቡሎኑን ነገር እንደሆነ ያውቃሉ፤ በዘጋሁት ዕለት ነግሬያቸው ነበር። የቸርነታቸውን ነገር ግን ያን ጠዋት በጩኸቴ ልባቸው ላይ የሰካሁት እኔ ነኝ፤ እሱን መንቀያ መፍቻ አልነበረኝም።

ከሁሉ የከፋው ቀን በሦስተኛው ሳምንት መጣ። የወንድማቸው ልጅ ሊያርስ ሲል የቀንበሩ ጠፍር ተበጠሰበት። ምንም አልተጨነቀም። ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው አሮጌ ቀንበር ጠፍሩን ፈታና በተበጠሰው ቦታ አሠረው፤ በሬዎቹን ነድቶ ሄደ። እኔ የማሽላው ዳር እንደቆምኩ ቀረሁ።

ኋለኛዋ ሴንሰር!

ጥርሷ ከፊተኛዋ ጋር አንድ ነው። ሽቦዋም አራት ነው። ያለ እሷ መኪናው ይሄዳል። ከኋላ ፈትቼ ከፊት ልሰካት፣ ሽቦዋ ካጠረ ቆርጬ ልቀጥለው እችል ነበር። የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት። መርሳ ላይ፣ ጋራዤ ውስጥ፣ መፍቻዬ በእጄ እያለ፣ አውቶቡሱ ሳይመጣ በቀረባቸው በእነዚያ ሁሉ ቀናት። እቃው የመኪናዋ ሆድ ሥር ነበረ፤ በገዛ ጨርቄ ጠርጌው ነበር። እኔ ግን ዓይኔ መንገድ ላይ፣ ሐሳቤ ናሙናዬ ላይ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ማሽላው ውስጥ ገብቼ፣ ሰው እንዳያየኝ ተንበርክኬ አለቀስኩ።

ለሐጂ ልነግራቸው ወደ ቤት ሄድኩ። የእማማን እግር በሞቀ ውሃ እያጠቡ ነበር። እማማ ዓይናቸውን ከድነዋል። ሐጂ ቀና ብለው፣ "ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?" አሉኝ። "ፀሐይ ነው" ብዬ ወጣሁ።

የመጨረሻው ብልቃጥ አለቀ። ከዚያ በኋላ እማማ ብዙ ቀን አልቆዩም። ውሃ ውሃ አሉ፤ ከዚያ ንግግራቸው ተደነቃቀፈ፤ ከዚያ ረጅም እንቅልፍ ሆነ። ሐጂ ጆሯቸው ሥር ሸሃዳ አሰሟቸው። "ኢና ሊላሂ" ሲሉ ነው ማለፋቸውን ያወቅሁት። መቃብሩን ስንቆፍር አካፋውን ከእጄ ሊቀበሉኝ የሞከሩትን ሁሉ እምቢ አልኩ። የማውቀው ሥራ እሱ ብቻ ሆኖ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ብርዱ ገብቶ ነበር። መኪናዋን ዳገቱ ላይ አገኘናት፤ መስታወቷ ተሰብሮ፣ ባትሪዋና ሁለት ጎማዎቿ ተወስደው፤ ሌላው ግን አለ። መርሳ አስጎትተን አመጣናት። ጋራዤ ተዘርፏል። ወለሉ ላይ የተበተኑ ዳዶዎች እየለቀምኩ ሳለ ያ የአውቶቡስ ሹፌር በር ላይ መጥቶ ቆመ። ጺሙ ነጥቷል።

"እቃህ" አለኝ።

ያው ጋዜጣ ነው፤ ተቀዳዷል። ውስጡ ሁለት ሴንሰሮች አሉ፤ አሮጌዋና አዲሷ፤ ቁርጥ መንትያ። በእነዚያ ሁሉ ወራት ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደብረ ብርሃን ሲሸሽ ከመሪው ፊት ይዟቸው ኖሯል። "አደራ ነው ብዬ" አለኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

ሐጂ ባትሪና ጎማ ከየትም ብለው አመጡ። ቡሎኑን ፈትቼ አዲሷን ሴንሰር በእጄ አዙሬ አስገባኋት፣ በመፍቻ አጠበቅኋት፣ ሶኬቷን ሰካሁ። ቢጫዋ መብራት ጠፋች። ጭሱ ጠራ። በሕይወቴ እንደዚያ ጥሩ ሆኖ የሠራሁት ሥራ ያስጠላኝ ጊዜ የለም።

ሐጂ መጋዘናቸው ገብተው ያችን ቢጫ ጀሪካን ይዘው ተመለሱ። ግማሽ ናት።

"ታንከሯ ውስጥ ያለውን አውጣና ይህን ብቻ ጨምርበት" አሉ። "ደሴ እንሄዳለን።"

ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ገባኝ። እሳቸው ከኋላ ገቡ። የፊቱ ወንበር ባዶ ሆነ። ውርጌሳን አለፍን፤ ዳገቱን ጀመርን። ልናገር እንጂ ምን አደርጋለሁ፦ መኪናዋ እንድትቆም ጸለይኩ። ለሚካኤል ተሳልኩ። ከቆመች ግማሽ ጀሪካን ያኔም፣ ሴንሰሯ በቦታዋ ብትኖር እንኳ፣ አይበቃም ነበር ማለት ነው፤ እኔ ነጻ እወጣለሁ። እሳቸው ምን ይዘው እንደሚቀሩ በዚያች ሰዓት አላሰብኩም። ሞተሩ ልስልስ ብሎ፣ ያን የቆምንበትን ቦታ፣ የገፋንበትን ጠርዝ አልፎ ወጣ። በመስታወቱ ሐጂን አየኋቸው፤ መቁጠሪያው ከእጃቸው ላይ ቆሟል። ውጫሌን፣ ሐይቅን አለፍን። እማማ የሚታከሙበት በር ላይ ስንደርስ አቆምኩ።

"አለቀ?" አሉኝ።

"አላለቀም ሐጂ። ገና አለ።"

ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ደጋግመው። "እንግዲያስ ለአራሷ የሰጠሁት አይደለም የገደላት። ያ አይደለም።"

"አይደለም" አልኩ። ዞሬ አየኋቸው። "ሴንሰሯ ናት። አትፍታት እያሉኝ የፈታኋት እኔ ነኝ።"

"እሱንማ አውቃለሁ ልጄ" አሉኝ፤ ፊታቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ እየጠረጉ። "አንተን ቃሬዛውን የተሸከምክ ለታ ነው አውፍ፣ ይቅር ያልኩህ። ራሴን ነበር ያቃተኝ።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ኋለኛዋ ሴንሰር ከእግራቸው ሥር፣ ከወለሉ በታች ነበረች። አፌን ከፈትኩ፤ ፊታቸው ላይ ያለውን ዕረፍት አየሁና ዘጋሁት። አውፍ ያሉኝ በሚያውቁት ነው። በማያውቁት ማን አውፍ ይበለኝ?

መኪናዋ እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው የምትታየው። ዘይት ልቀይር ከሥሯ ስገባ ጨርቄን አወጣና የኋለኛዋን ሴንሰር ጭቃ እጠርጋለሁ። ሐጂ ከላይ ቆመው ጫማቸው ይታየኛል።

"ምን አገኘህ ልጄ?" ይሉኛል።

"ምንም የለም ሐጂ" እላቸዋለሁ። "ደህና ናት።"